ባሕሩን ተሻግሮ ኑሮን ያልተሻገረው ካፒቴን ዌብ

ኦገስት 13 ቀን 1879 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ እንግሊዛዊ ዋናተኛ በኒውዮርክ ወደብ መግቢያ ላይ ካለው ሳንዲ ሁክ ከተባለ አሸዋማ ምድር ተነስቶ፣ ብሩክሊን ዳርቻ ወደሚገኘው ማንሃተን ቢች ዋኘ። ርቀቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው ውሃ ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆየ። ከስምንቱ አንዱን ሰዓት ያሳለፈው ግን ለመድረስ ሲታገል አይደለም፤ ላለመድረስ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት የብስ እንዳይረግጥ ግዴታ ገብቶ ስለነበር፣ ፈጥኖ መድረሱ ጥፋት ሆኖበት ሰዓቱ እስኪሞላ ባሕሩ ላይ መጠበቅ ነበረበት።

ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ የውል ቃል ሲያጋጥመው መጀመሪያ የሚፈልገው የማንን ጥቅም እንደሚጠብቅ ነው። ማንሃተን ቢች በዚያን ጊዜ አዲስ የመዝናኛ ሥፍራ ነበር። ትልቁ ሆቴል የተከፈተው ከሁለት ዓመት በፊት በ1877 ሲሆን፣ ባለቤቱ ኦስቲን ኮርቢን ከተሜውን ወደ ዳርቻው የሚያመላልሰው የባቡር መስመርም ባለቤት ነበር። ለእንዲህ ያለ ቦታ ተመልካች ሳይሰበሰብ ከባሕር የሚወጣ ዋናተኛ ምንም አይጠቅምም። ቲያትር ቤት መጋረጃው በሰዓቱ እንደሚገለጠው ሁሉ ዋናተኛውም በሰዓቱ መድረስ አለበት። ውሃው ቢቀዘቅዝ፣ ጉልበቱ ቢዝል የእሱ ጉዳይ ነው።

ያ ዋናተኛ ካፒቴን ማቲው ዌብ ይባላል። ከዚያ ቀን አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማንም ሰው ያላደረገውን አድርጎ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ያለ አንዳች መንሳፈፊያ በዋና ተሻግሯል። ዛሬ ረጅም ርቀት በክፍት ባሕር የሚዋኙ ሰዎች፣ ከወደብ ወደብ የሚደረገው ውድድር፣ ተከትላ የምትሄደው ጀልባ፣ በረጅም ዘንግ የሚቀበሉት ምግብ፣ ገላ ላይ የሚቀባው ቅባት፣ ይህ ሁሉ ልማድ ሲቆጠር ከእሱ ደጃፍ ይደርሳል። የእሱን ሕይወት የማነሳው ግን ለዋናው ብቻ አይደለም። ዝና ያተረፈ ሰው ከዝናው በኋላ ምን በልቶ ያድራል የሚለው ነገር ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ ስለኖረ ነው።

ዌብ የተወለደው ጃንዋሪ 19 ቀን 1848 በእንግሊዝ ምዕራብ፣ ሽሮፕሸር በሚባለው አውራጃ፣ ዶውሊ በምትባል የማዕድን ከተማ ነው። አባቱ ሐኪም ነበሩ። ሐኪም ሲባል የዛሬው ባለ ክሊኒክ አይምሰላችሁ፤ ከአሥር በላይ ልጆች የሚያሳድጉ የገጠር ከተማ ሐኪም ናቸው። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ኮልብሩክዴል ተዛወረ። ያ አካባቢ የብረት ማቅለጫ ምድር ነው፤ በዓለም የመጀመሪያው የብረት ድልድይ የተዘረጋበት የሰቨርን ወንዝም በዚያው ያልፋል። ማቲው ዋና የተማረው በዚህ ወንዝ ነው። አሠልጣኝ አልነበረውም፤ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ እንደሚማረው ተማረ። ገና ልጅ ሳለ ታናሽ ወንድሙን ቶማስን በዚሁ ወንዝ ከመስጠም አድኖታል። ይህን ቶማስ የሚባል ወንድም አንባቢ እንዲያስታውሰው እፈልጋለሁ።

በአሥራ ሁለት ዓመቱ ለንግድ መርከብ መኮንንነት ልጆችን ወደምታሠለጥነው ኮንዌይ ወደተባለችው መርከብ ገባ። መርከቧ በሊቨርፑል ከተማ ፊት ለፊት፣ በመርሲ ወንዝ ላይ የቆመች ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ነበረች። ከዚያ በአንድ የሊቨርፑል የንግድ ድርጅት ስር ተለማማጅ ሆኖ ወደ ሕንድና ወደ ቻይና በሚመላለሱ መርከቦች ላይ ሠራ። በዚያ ዘመን ዋና የሚያውቅ መርከበኛ እንደዛሬው ብዙ አልነበረም። መርከብ ሲሰጥም ዋና ማወቅ ሥቃይን ከማስረዘም በቀር ጥቅም የለውም የሚሉ መርከበኞች እንኳ ነበሩ። ዌብ ከእነዚህ ወገን አልነበረም።

ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣ ላይ የወጣው በ1873 ነው። ሩሲያ በምትባል የኩናርድ ኩባንያ መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን ሆኖ ከኒውዮርክ ወደ ሊቨርፑል ሲጓዝ፣ አንድ መርከበኛ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ከመርከቧ ወደቀ። መርከቧ በሙሉ ፍጥነት ላይ ነበረች። ዌብ ከነልብሱ ዘሎ ገባ። ሰውየውን ሊያገኘው አልቻለም፤ እሱን ራሱን ጀልባ ወርዳ እስክታወጣው ድረስ ግማሽ ሰዓት ያለፈ ጊዜ በቀዝቃዛው ውቅያኖስ ላይ ብቻውን ቆየ። ተሳፋሪዎቹ 100 ፓውንድ አዋጥተው ሰጡት። የእንግሊዝ የነፍስ አድን ማኅበር ደግሞ አዲስ ያቋቋመውን የስታንሆፕ የወርቅ ሜዳሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ሸለመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዌብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው ነፍስ ለማዳን ሲል ስለዋኘ ነው፤ ያውም ሳይሳካለት። ሽልማቱን የሰጡት ሰዎች ውጤቱን ሳይሆን ድፍረቱን መዘኑ። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ የመጡት ሽልማቶች በሙሉ ግን ሚዛናቸው ሌላ ሆነ።

የእንግሊዝን ቻናል የመሻገር ሐሳብ ከእሱ የመነጨ አይደለም። በ1872 ጆንሰን የሚባል የታወቀ ዋናተኛ ሞክሮ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ከውሃው ወጥቷል። ዌብ ስለዚህ ሙከራ ጋዜጣ ላይ አነበበ። ሌላው ሰው ዜናውን አንብቦ የማይቻል ነገር ነው ብሎ ሲያልፈው፣ እሱ ጆንሰን ያልቻለው ለምን ይሆን ብሎ ማስላት ጀመረ። በ1875 ኤመራልድ የተባለች መርከብ ካፒቴንነቱን ትቶ ለንደን ገባ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ የተከበረ ማዕረግ ያለው ሰው ነው። ዘመድ አዝማድ ምን ብሎት እንደሆነ ለመገመት እንግሊዛዊ መሆን አያስፈልግም።

ለንደን ውስጥ ዋናን ወደ ገንዘብ የሚቀይር አንድ ሰው ነበር፤ ፍሬድሪክ ቤክዊዝ ይባላል። ቤክዊዝ በላምቤዝ የሕዝብ መዋኛ የዋና አስተማሪ፣ የውድድር አዘጋጅ፣ የውርርድ አስተናባሪ፣ ሁሉንም ነው። ዌብን ተመለከተው፤ በመዋኛው ውስጥ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ያለ ድካም ሲመላለስ ዋለ። ጁላይ 3 ቀን 1875 በቴምዝ ወንዝ ላይ ከብላክዎል ተነስቶ እስከ ግሬቭዘንድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ርቀት ከአምስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ዋኘ። እርግጥ ነው፣ የወንዙ ውሃ ወደ ባሕር ሲጎድል ጠብቆ ስለገባ ግፊቱ ረድቶታል። ዌብ መርከበኛ እንጂ ጉልበተኛ ብቻ እንዳልነበር የሚያሳየውም ይህ ነው። በዚሁ ወር ከዶቨር እስከ ራምዝጌት በባሕር ላይ ዋኘ። ከቤክዊዝ ጋር ግን ብዙም አልቀጠለም። ቤክዊዝ እንደሆነ ሰው አላጣም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአሥራ አራት ዓመት ልጁን አግነስን ከለንደን ድልድይ እስከ ግሪንዊች አስዋኝቶ የከተማውን ወሬ ወደ ቤቱ መለሰው።

ስለ አዋዋኙም አንድ ነገር ልበል። ዌብ የሚዋኘው በደረት ዋና ነበር፤ ሁለት እጅ ወደፊት ዘርግቶ፣ ጎን ለጎን ቀዝፎ፣ እግሩን እንደ እንቁራሪት አፈናጥሮ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው በላምቤዝ መዋኛ ጆን ትራጀን የሚባል ሰው እጁን ከውሃው በላይ እያፈራረቀ እየወረወረ ዋኝቶ ተመልካቹን አስደንቆ ነበር። ፈጣኑ የዛሬው ነፃ ዋና ከዚያ ወገን የመጣ ነው። የእንግሊዝ ጨዋ ዋናተኛ ግን ውሃ እየረጩ መዋኘትን እንደ ነውር ይቆጥረው ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ ቻናል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸነፈው በቀርፋፋው፣ ነገር ግን ጭንቅላትን ከውሃ በላይ አድርጎ ዙሪያን ለማየት በሚያስችለው አዋዋኝ ነው።

በዚሁ ዓመት በሜይ ወር መጨረሻ ፖል ቦይተን የተባለ ሰው አየር የሚሞላ የላስቲክ ልብስ ለብሶ፣ በጀርባው ተንጋሎ በመቅዘፊያ እየቀዘፈ ቻናሉን ተሻግሮ ነበር። ጋዜጦች አወደሱት። ለዌብ ግን ይህ ዋና አይደለም፤ ሰውየው የለበሰው ጀልባ ነው። ሰው በገዛ ሥጋው ይሻገራል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም ነበር።

ኦገስት 12 ቀን ሞከረ። ከስድስት ሰዓት በላይ ከዋኘ በኋላ ባሕሩ ስለተናወጠ ተመልሶ ጀልባ ላይ ወጣ። ለአሥራ ሁለት ቀን ዶቨር ተቀምጦ ሰማዩንና ባሕሩን ሲያይ ሰነበተ።

ኦገስት 24 ቀን 1875፣ ከቀኑ 7 ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ በዶቨር ወደብ አድሚራልቲ ፒር ከሚባለው ወደ ባሕሩ ከገባው ረጅም የድንጋይ ግንብ ጫፍ ላይ ዘሎ ገባ። የለበሰው ቀይ የሐር የዋና ልብስ ነው። ገላው ሙቀት እንዳያጣ ፖርፖይዝ በሚባል ዶልፊን መሰል የባሕር እንስሳ ዘይት ተለቅልቋል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73፣ ክብደቱ ከ90 ኪሎ በላይ ነበር፤ የዛሬ አሠልጣኝ ቢያየው ክብደት ቀንስ ይለው ይሆናል፣ ያ ስብ ግን በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ካፖርት ማለት ነው። ሦስት ጀልባዎች ተከትለውታል። በላያቸው ላይ ልምድ ያለው የባሕር መሪ፣ የዌብ ዘመድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የለንደን ጋዜጠኞች ነበሩ።

በዶቨርና በፈረንሳይ ዳርቻ መካከል ያለው አጭሩ ርቀት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ዱከም ለመድረስ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። እንዲያ በቀጥታ መስመር የዋኘ ግን የለም። የዚያ ባሕር ውሃ በየስድስት ሰዓቱ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ሲሞላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሲጎድል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይገፋል። ዋናተኛው ፊቱን ወደ ፈረንሳይ አድርጎ ይዋኛል፣ ባሕሩ ደግሞ ወደ ጎን ይወስደዋል። የዌብ መንገድ ካርታ ላይ ሲሣል እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። በመጨረሻ የተጓዘው ርቀት ሲሰላ ወደ 64 ኪሎ ሜትር ተጠግቷል። በእኛ መንገድ ቢሾፍቱን አልፎ ወደ ሞጆ መቃረብ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መልካም ነበሩ። ባሕሩ ረግቷል። እየዋኘ የበሬ ሥጋ መረቅ፣ ቡና፣ ቢራ፣ የዓሣ ዘይት ተቀበለ፤ ጀልባውን ሳይነካ ማለት ነው። ከመሸ በኋላ ጄሊ ፊሽ ነደፈው። ጄሊ ፊሽ ሲነድፍ እሳት የነካው ያህል ያቃጥላል፤ ዌብ ትንሽ ብራንዲ ጠይቆ ጠጣና ቀጠለ። ጨረቃ ነበረች። ሌሊቱን እንዲሁ እየቀዘፈ አነጋ።

ፈተናው የመጣው ሲነጋ ነው። ካፕ ግሪኔ የሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ ዳርቻ ከፊት ለፊቱ ይታያል፤ ግን የውሃው አቅጣጫ ተቀይሮ ወደ ዳርቻው እንዳይቀርብ ያዘው። ለአምስት ሰዓት ያህል፣ የብስ እያየ፣ ባለበት ከመሄድ የማይሻል ዋና ዋኘ። ነፋሱም ተነሳ። ጉልበቱ አልቆ እጁ መዛል ሲጀምር ከካሌ ወደብ የወጣ የፖስታ መርከብ ደረሰበት፤ ተሳፋሪዎቹ ከላይ ሆነው እየዘመሩ አበረታቱት። ጀልባም ከነፋሱ ወገን ሆና ማዕበሉን ከለለችለት። ኦገስት 25 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ በካሌ አሸዋ ላይ እግሩ ቆመ። በውሃ ውስጥ የቆየው 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው።

ይህን ያደረገው ሰው ማስረጃ ባይኖረው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጀልባው ላይ ጋዜጠኞች መኖራቸው ለዝና ብቻ የተደረገ ይመስላል፤ አይደለም። ባሕር ላይ የተደረገ ነገር ምስክር ከሌለው የለም። ይህ እውነት ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሚያስገርም ሁኔታ ተረጋግጧል። በ1927 ዶሮቲ ሎጋን የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም ቻናሉን በአዲስ የሴቶች ክብረ ወሰን ተሻገርኩ አለች፣ በመሐላ አረጋገጠች፣ አንድ ጋዜጣ ያዘጋጀውንም የገንዘብ ሽልማት ወሰደች። ቀናት ሳይቆዩ አብዛኛውን መንገድ በጀልባ እንደሄደች ራሷ ተናገረች። ይህን ያደረገችው ማንም ሰው ያለ ምስክር ሊዋሽ እንደሚችል ለማሳየት እንደሆነ ገለጸች፤ ገንዘቡንም መለሰች። ዳኞቹ ዓላማዋን አላዩላትም፤ በሐሰት መማል በሐሰት መማል ነውና በገንዘብ ቀጧት። ሙከራዎችን የሚመዘግብና ታዛቢ የሚመድብ የቻናል ዋና ማኅበር የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ዌብ ሕግ ሳይወጣ ሕጉን ቀድሞ ማክበሩ ስሙን ከጥርጣሬ አድኖታል።

እንግሊዝ አበደችለት። የለንደን የአክሲዮን ገበያ ነጋዴዎች መዋጮ ከፈቱለት፤ ከሁለት ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ወደ ትውልድ አገሩ ሽሮፕሸር ሲመለስ ሕዝቡ በሙዚቃ ጓድ ታጅቦ ተቀበለው። በዚያ ሰልፍ ላይ አንድ አሳማ ሳይቀር የፊት እግሮቹን በጋጣው አጥር ላይ ሰቅሎ ሲመለከት ነበር የሚል ወሬ እስከ ዛሬ በአካባቢው ይነገራል፤ በፖስታ ካርድም ታትሟል። የሕዝብ ፍቅር ሲያልፍ ከታሪክ ይልቅ ቀልድ ትቶ እንደሚሄድ ይህ አሳማ ምስክር ነው። የዌብ መልክ በክብሪት ሣጥን፣ በሸክላ ዕቃ ላይ ወጣ። ስለ ዋና ጥበብ በስሙ መጽሐፍ ታተመ። አገር ላገር እየዞረ ንግግር አደረገ።

ከዚያስ? እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ክብደት። የዛሬ አትሌት ክብረ ወሰን ሲሰብር ከስፖርት ትጥቅ ኩባንያ ውል ይፈራረማል፣ ወኪል አለው፣ መልኩን ያለ ፈቃድ የሚጠቀም ቢኖር ክስ ይመሠርታል። በዌብ ዘመን ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረም። በእንግሊዝ የዋና ክለቦች በ1869 ተሰባስበው ያወጡት ደንብ በገንዘብ የሚዋኘውን ከጨዋው አማተር ለይቶ አስቀምጦታል። አማተር ሜዳሊያ ይወስዳል፣ ይከበራል፤ ለመኖር ግን የአባት ሀብት ያስፈልገዋል። በገንዘብ የሚዋኝ ደግሞ ከሰርከስ ተጫዋች ብዙም አይለይም። የሐኪም ልጅ፣ የመርከብ ካፒቴን፣ ባለ ወርቅ ሜዳሊያ የሆነው ዌብ ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ጋር ተመደበ። ወደ መርከብ ቢመለስ ኖሮ ይሻለው ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልፈርድበትም። አንድ ጊዜ አገር በሙሉ ቆሞ ያጨበጨበለትን ሰው ወደ ቀድሞ ጠረጴዛው ተመለስ ማለት ለሚናገረው ይቀላል።

ስለዚህ ዋኘ። በ1879 በላምቤዝ መዋኛ ለስድስት ቀን፣ በቀን 14 ሰዓት የሚዋኝበት ውድድር ገብቶ አሸነፈ። በዚያው ክረምት አሜሪካ ሄደ፤ መግቢያው ላይ ያነሳሁት የኒውዮርክ ወደብ ዋና የዚያ ጉዞ ውጤት ነው። በ1880 ደግሞ ለንደን ዌስትሚንስተር በነበረው አኳሪየም፣ ዓሣ ነባሪ ለማሳየት በተሠራ ገንዳ ውስጥ 60 ሰዓት ተንሳፈፈ። ተመልካች ከፍሎ እየገባ ያየዋል፣ ይወጣል፤ እሱ እዚያው ነው። በ1882 በአሜሪካ ቦስተን በተመሳሳይ ገንዳ 128 ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ የወጣው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነበር።

እስኪ ይህን እናስበው። ባሕር ላይ የሚዋኝ ሰው ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። ዳርቻ አለው፣ ጥያቄው ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚል ነው። ገንዳ ውስጥ የሚንሳፈፍ ሰው ወዴትም አይሄድም፤ የሚሸጠው ጊዜውንና ገላውን ነው። የመጀመሪያውን ዌብ ያየ ሰው ሁለተኛውን ሲያይ ምን እንደተሰማው አላውቅም። እኔ ግን በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ከኒያጋራ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ገንዳ ነው።

በ1880 ማዴሊን ኬት ቻዶክ የተባለች ሴት አገባ። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ማቲውና ሔለን። የሚበላ አፍ ጨመረ፣ ጤናው ደግሞ ይቀንስ ጀመር። በቀዝቃዛ ውሃ ያሳለፈው ሰዓት ሁሉ ሒሳቡን አቀረበ፤ ክብደቱ ወረደ፣ ሳል ያዘው፣ ወዳጆቹ ከዋና እንዲርቅ መከሩት። የሕዝቡም ዓይን ወደ ሌላ ዞሯል። አንድ ገንዳ ውስጥ 60 ሰዓት የቆየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ 128 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ከዚያ በኋላስ? የቀረው ማንም የማይደፍረው ነገር ነበር።

በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ያለው የኒያጋራ ፏፏቴ ከ50 ሜትር ከፍታ ወድቆ ጥቂት ርቀት ረጋ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይጠብና እየተንደረደረ፣ በድንጋይ ላይ እየተፋጨ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ማዕበል እየሠራ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ሸለቆው በድንገት ስለሚታጠፍ ውሃው ራሱ ላይ ተጠምዝዞ ታላቅ አዙሪት ይፈጥራል። ዌብ በዚህ ውስጥ ለማለፍ አሰበ። ከዳር እስከ ዳር መሻገር አልነበረም ሐሳቡ፤ ውሃው ተሸክሞ እንዲያሳልፈው ነው። ሕዝብ ለማየት ሲጎርፍ ከሚያተርፉት የባቡር ኩባንያዎች 10,000 ዶላር ያገኛል ተብሎ በጊዜው ተወርቷል።

ጁላይ 24 ቀን 1883 ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጃክ ማክሎይ የተባለ የአካባቢው ጀልበኛ ወደ ወንዙ መሐል ቀዝፎ ወሰደው። ዌብ የለበሰው በካሌ አሸዋ ላይ የቆመበትን ያንኑ ቀይ የሐር የዋና ልብስ ነበር ይባላል። ከጀልባው ዘለለ። በደረት ዋና፣ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ አድርጎ ወደ ጠባቡ ሸለቆ ሲገባ በሁለቱም ገደል ላይ የቆሙ ሰዎች አዩት። ማዕበሉ አንዴ ዋጠው፣ ተመልሶ ታየ፤ እንደገና ዋጠው፣ እንደገና ታየ። አዙሪቱ አፍ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ከዘለለበት ጊዜ ጀምሮ ያለው ሁሉ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነበር።

አስከሬኑ የተገኘው ከአራት ቀን በኋላ፣ ከሥፍራው ወደ ታች ባለችው ሉዊስተን አጠገብ ነው። የአሟሟት ምርመራው ውጤት ሰምጦ የተገኘ የሚል ነበር። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ግን ውሃ እንዳልገደለው፣ የማዕበሉ ኃይል ገላውን ሲመታው ትንፋሹ እንደቆመ ገምተዋል። ለሕግ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰመጠ ማለት ዋና ከዳው ማለት ነው፤ የሐኪሞቹ ግምት ትክክል ከሆነ ግን ዌብን ዋና አልከዳውም፤ እዚያ ቦታ ዋና የሚባል ነገር አልነበረም። ተጠያቂ ፍለጋም የተሄደበት መንገድ የለም። ሰው በገዛ ፈቃዱ የገባበትን አደጋ በሌላ ሰው ላይ አያመካኝም የሚለው የቆየ የሕግ መርሕ አለና። መርሑ ትክክል ነው። ያ ፈቃድ በምን ኑሮ ተገፍቶ እንደተሰጠ ግን መርሑ አይጠይቅም። የተቀበረው እዚያው ኒያጋራ ፎልስ ከተማ፣ ኦክውድ በተባለው መካነ መቃብር ነው። ሚስቱ ሁለት ሕፃናት ይዛ ቀረች።

ቻናሉን በዋና የተሻገረ ሁለተኛ ሰው የተገኘው ከዌብ 36 ዓመት በኋላ፣ በ1911 ነው፤ ቶማስ ዊልያም በርጀስ ይባላል፤ እሱም የተሳካለት ከብዙ ከሸፈ ሙከራ በኋላ ነበር። በርጀስ በኋላ አሠልጣኝ ሆነና በ1926 ገርትሩድ ኤደርሊ የተባለችውን የኒውዮርክ ሥጋ ሻጭ ልጅ ረድቶ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና እንድትሻገር አደረገ። ኤደርሊ በነፃ ዋና ዋኝታ 14 ሰዓት ከግማሽ ገደማ ፈጀባት፤ ከእሷ በፊት ከተሻገሩት ወንዶች ሁሉ በለጠች። ይህች ሴት ስሟን መጀመሪያ ያስጠራችው በ1922፣ ማንሃተን ቢች ላይ በተጀመረ የሴቶች የረጅም ርቀት የባሕር ዋና ውድድር አሸንፋ ነው። ዌብ 11 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ውሃ ላይ የጠበቀበት ዳርቻ መሆኑ ነው።

በ1909 የዶውሊ ሰዎች ለዌብ የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙ። ሐውልቱን መርቆ የከፈተው፣ ከሰቨርን ወንዝ ተጎትቶ የወጣው ታናሽ ወንድሙ ቶማስ ነበር።